የምስጋና ቀን ለዩኒቨርሲቲ ሠራተኞች፦ ሸክላው፣ ግጥሙና ሥዕሉ ምን ሊያደርጉ ይችላሉ?

ጥያቄ፦ «ጎንደር ውስጥ በአንድ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የሰው ሀብት ባለሙያ ነኝ። መምህራንን፣ የላብራቶሪና የሬጅስትራር ሠራተኞችን፣ የጽዳትና የጥበቃ ባልደረቦችን ጨምሮ 160 ያህል ሠራተኞች አሉን። በሰኔ መጨረሻ የሠራተኞች የምስጋና ቀን እንድናዘጋጅ ታዘናል፤ የተያዘው በጀት 120 ሺህ ብር ነው። እስካሁን የለመድነው የአዳራሽ ንግግር፣ የምስክር ወረቀትና ምሳ ስለሆነ ዘንድሮ በፈጠራ ሥራ እንዲሆን አስበናል፤ ሸክላ፣ ሥዕል፣ ግጥም፣ ጥሩ ለሠራም ሽልማት። አንዳንድ መምህራን ግን ‹ይህ የሕፃናት ጨዋታ ነው፤ ገንዘቡን አካፍሉን› ይላሉ። የትኛው ሥራ ይሻላል? ሠራተኛ እየለቀቀብን ስለሆነስ ለዚያ መፍትሔ ይሆናል?»

የትኛው እንደሚሻል ከመምረጥ በፊት ጥያቄው ውስጥ ያለ አንድ ግምት መታረም አለበት። ሸክላ መሥራትም ሆነ ሥዕል መሳል በራሱ ማንንም አያመሰግንም። አንድ የላብራቶሪ ሠራተኛ ግማሽ ቀን ጭቃ ሲያድቦለቡል ቢውል ደስ ብሎት ሊሄድ ይችላል፤ ያ ዕረፍት ነው፣ ዕረፍትም መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን ተመስግኗል ማለት አይደለም። ሰው የሚመሰገነው ሥራውን የሚያውቅ ሌላ ሰው ያንኑ ሥራ ለይቶ፣ መቼ ምን እንዳደረገና ለማን እንደጠቀመ ጠርቶ ሲነግረው ነው። ይህ ከጎደለ አዳራሹን በሸክላ መለወጡ ትርጉም የለውም፤ ሠራተኛው ከ«ክቡራንና ክቡራት» ንግግር የሚያገኘውን ያህል እንኳ ላያገኝ ይችላል።

ታዲያ የእጅ ሥራው ለምን ያስፈልጋል? በእኛ አገር፣ በተለይም በጎንደር አካባቢ ባደግንበት ሥርዓት፣ ሰውን ፊት ለፊት ማመስገን ይከብዳል። አመስጋኙ አሸርጋጅ እንዳይባል ይፈራል፤ ተመስጋኙም አቀርቅሮ «ኧረ ምን ሠራሁና» እያለ ያመልጣል። አለቃ ሠራተኛውን ሲያመሰግን ሌላው «ወገን ለየ» ይላል፤ ሠራተኛ አለቃውን ሲያመሰግን ደግሞ ዕድገት ፈለገ ይባላል። ስለዚህ ውለታው ሳይነገር ዓመታት ያልፋሉ። እጅ ሥራ ሲይዝና ዓይን ወደ ጭቃው ወይም ወደ ቀለሙ ሲያቀረቅር አንደበት ይፈታል፤ ግጥምም በቀጥታ ሊባል የማይደፈረውን ተሸክሞ ያደርሳል። የእጅ ሥራው ጥቅም ይህን አጋጣሚ መፍጠሩ ነው፤ እያንዳንዱን ሐሳብም ይህን አጋጣሚ በመፍጠር ችሎታው መመዘን ይገባል።

የተለየ ምስጋና ሥራን እንደሚያበረታ ጥናቶችም ያሳያሉ። ተመራማሪዎቹ አዳም ግራንትና ፍራንቼስካ ጂኖ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት፣ በአንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ በስልክ ገንዘብ ከሚያሰባስቡ ሠራተኞች መካከል አንደኛውን ቡድን ኃላፊያቸው በአካል ተገኝተው አመሰገኑት፤ በቀጣዩ ሳምንት የዚያ ቡድን የስልክ ጥሪ ከ50 በመቶ በላይ ሲጨምር ያልተመሰገነው ቡድን ግን በነበረበት ቆየ። ከዚያ ቀደም ብሎ እ.ኤ.አ. በ2007 ግራንትና ባልደረቦቹ ባደረጉት ሌላ ጥናት፣ እንዲህ ያሉ ሠራተኞች ባሰባሰቡት ገንዘብ ከተማረ አንድ ተማሪ ጋር 5 ደቂቃ ያህል ብቻ እንዲነጋገሩ ተደረገ፤ ከወር በኋላ ሲታይ በስልክ የሚያሳልፉት ጊዜም የሚያሰባስቡት ገንዘብም ከእጥፍ በላይ አድጎ ነበር። አሚት ኩማርና ኒኮላስ ኤፕሊ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2018 እንዳሳዩት፣ የምስጋና ደብዳቤ የሚጽፉ ሰዎች ተቀባዩ የሚሰማውን ደስታ አሳንሰው፣ የሚያድርበትን ሐፍረት ደግሞ አጋንነው ይገምታሉ። ጥናቶቹ የተደረጉት በሌላ አገር፣ በአጭር ጊዜና በተወሰነ የሥራ ዓይነት ላይ ስለሆነ ቁጥሮቹ ጎንደር ላይ ይደገማሉ ብዬ አልከራከርም። የሚያመለክቱት አቅጣጫ ግን ግልጽ ነው፤ የሚሠራው ምስጋናው ራሱና ከሥራው የተጠቀመው ሰው በአካል መታየቱ ነው።

«ገንዘቡን አካፍሉን» ያሉት መምህራን ስሕተተኞች አይደሉም። በአሁኑ የኑሮ ውድነት የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ከወር ወር እንደማያደርስ የማያውቅ የለም፤ ይህን ጥያቄ ያነሣን ሰው የምስጋና ጠላት አድርጎ ማየት ራሱ ክብር መንሣት ነው። ይሁን እንጂ ሒሳቡ በግልጽ ይነገራቸው፦ 120 ሺህ ብር ለ160 ሰው ሲካፈል ለአንድ ሰው 750 ብር ይደርሳል፤ ይህም የማንንም ወር አይለውጥም፣ በሳምንቱም ይረሳል። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ባለሙያ ፍሬድሪክ ኸርዝበርግ እ.ኤ.አ. ከ1959 ጀምሮ እንዳስገነዘበው የደመወዝ ማነስ የሚፈጥረውን ቅሬታ ምስጋና አያጠፋውም፣ የምስጋናን ክፍተትም ደመወዝ አይሞላውም፤ ሁለቱ ለየብቻቸው መመለስ ያለባቸው ጉዳዮች ናቸው። ስለዚህ መርሐ ግብሩ የደመወዝ ምትክ እንደሆነ የሚያስመስል አንድም ቃል በግብዣው ወረቀት ላይ አይኑር።

እዚህ ላይ ጠንከር ያለ ማስጠንቀቂያ አለኝ። በኮሌጁ ውስጥ ያልተከፈለ የትርፍ ሰዓት ክፍያ፣ የዘገየ የደረጃ ዕድገት ወይም መልስ ያላገኘ አቤቱታ ካለ ከምስጋናው ቀን በፊት ይከፈል ወይም ይወሰን፤ ይህ ካልተቻለ ጉዳዩ የት እንደደረሰና መቼ እንደሚያልቅ ባለ ቀን የጽሑፍ መልስ ይሰጥ። ክፍያው የተያዘበት ሰው «እናመሰግናለን» ሲባል የሚሰማው ማባበል ነው፤ እንዲህ መሰማቱም ትክክል ነው።

ስለ ፍልሰቱ የማያሻማ መልስ ልስጥ፦ የእጅ ሥራ መርሐ ግብር ሠራተኛ እንዳይለቅ አያደርግም። ሰው በብዛት የሚለቀው በደመወዝ፣ በቤት ኪራይ፣ በትምህርት ዕድል፣ በጸጥታና በቤተሰብ ጉዳይ ነው። ምስጋና ሊለውጠው የሚችለው ጠባብ ቦታ ቢኖር «ብሄድም ብቀርም ልዩነት የለውም» የሚለውን ስሜት ነው። ይህ ስሜት ለመልቀቅ ከሚያነሣሡ ምክንያቶች አንዱ ስለሆነ መነካቱ ዋጋ አለው፤ ነገር ግን ለበላይ ኃላፊ በሚጽፉት ማስታወሻ ላይ «ፍልሰትን ለመቀነስ» የሚል ዓላማ ካሰፈሩ በዓመቱ መጨረሻ መርሐ ግብሩ በማይችለው ነገር ተመዝኖ ይሰረዛል።

ወደ ጊዜው እንምጣ፤ ሰኔ ለዚህ ሥራ ከሁሉ የከፋ ወር ነው። መምህሩ ፈተና በማረም፣ ሬጅስትራሩ ውጤት በማስገባትና የምርቃት ዝርዝር በማጣራት፣ የግዥና የፋይናንስ ክፍሉ ደግሞ ሰኔ 30 የሚዘጋውን የበጀት ዓመት በማጠናቀቅ ተጠምዷል። በዚህ ሰሞን የሚጠራ የምስጋና ቀን በተለይ ለሬጅስትራርና ለፋይናንስ ሠራተኞች ተጨማሪ ሸክም ይሆናል፤ ወይም እነርሱ ሳይገኙ ይቀራሉ፣ ይህም ለምስጋና ቀን ትልቅ ነውር ነው። ሸክላውም ቢሆን በክረምት አይደርቅም፤ በሜዳ ላይ በእንጨትና በኩበት የሚተኮስ ሸክላ ዝናብ አይችልም። የእኔ ምርጫ ጥቅምት ነው። ዝናቡ ያቆማል፣ አየሩ ደረቅ ነው፣ አዲሱ በጀት ተለቅቋል፣ የነቢያት ጾም የሚገባው ኅዳር 15 ነው። በጥቅምት የጽጌን ጾም በፈቃዳቸው የሚጾሙ ብዙዎች ስለሆኑ፣ ረቡዕና ዓርብም ስላሉ፣ የጾም ምግብ በማንኛውም ቀን ይኑር። የረመዷን ወር በየዓመቱ ስለሚዘዋወር አስቀድሞ ይታይ፤ የሶላት ሰዓትም በመርሐ ግብሩ ውስጥ ቦታ ይያዝለት።

ይህ ማለት በሰኔ ምንም አይሠራም ማለት አይደለም። ሰኔ ተመራቂ ተማሪዎች ገና ግቢ ያሉበት ወር ስለሆነ የምስጋናው ጥሬ ሀብት የሚሰበሰበው ያኔ ነው። ለእያንዳንዱ ተመራቂ አንድ ጥያቄ ይቅረብለት፦ «በዚህ ግቢ ውስጥ ሥራው ያልታየልህ፣ አንተን ግን የረዳህ ሰው ማን ነው? ምን አደረገልህ?» ተማሪዎች ሲጠየቁ ብዙ ይናገራሉ፤ የመታወቂያ ካርዱን ጥሎ ሲጨነቅ ያረጋጋው የጥበቃ ባልደረባ፣ በፈተና ሰሞን ቤተ መጻሕፍቱን ሳትሰለች እስከ መዝጊያው ያቆየች ሠራተኛ፣ ሙከራው ሲበላሽበት ሳይቆጣ ደግሞ ያስጀመረው የላብራቶሪ ረዳት ይነሣሉ። መልሱን በወረቀት ወይም በስልክ ድምፅ መቅረጽ ይቻላል፤ ማንበብ ለማይቀናቸው ባልደረቦች ድምፁ ከወረቀቱ የበለጠ ነው።

በዚህ አሰባሰብ ውስጥ አንድ አደጋ አለ። ተወዳጅ የሆኑ ጥቂት መምህራን 20 መልእክት ሲደርሳቸው፣ ከተማሪ ጋር የማይገናኝ የመጋዘን ሠራተኛ ወይም ሒሳብ ያዥ አንድም ላይደርሰው ይችላል። ስለዚህ የ160ውን ሰው ዝርዝር ይዘው መልእክት ያልተጻፈላቸውን ይለዩ፤ ለእነርሱም ሥራቸውን በቅርብ ከሚያውቁ ባልደረቦች እውነተኛ ነገር ይፈልጉ። ከሌለ ተፈልጎ ይገኛል እንጂ አይፈጠርም። በቢሮ ተቀምጦ የተጻፈ ሐሰተኛ ምስጋና ወዲያው ይታወቃል፤ ሌሎቹን እውነተኞችም ያረክሳል።

አሁን ሥራዎቹን ልመዝን። ጎንደር ላይ ሆኖ ከሁሉ አስቀድሜ የምመርጠው ግጥም ነው፤ በተለይም ከአዝማሪ ጋር የሚሆን። አዝማሪው ማሲንቆውን እየገዘገዘ ታዳሚው «ተቀበል!» ብሎ የራሱን ስንኝ የሚሰጥበት ሥርዓት ለምስጋና የተሠራ ያህል ይስማማል። ስንኝ ሰጪው ሐሳቡን ይናገራል፤ የሚዘፍነው ሌላ ሰው ስለሆነ ፊት ለፊት ከማመስገን ሐፍረት ይድናል፤ ተመስጋኙም መሸሸጊያ አያገኝም። ሰዎች ሁለት ሁለት ሆነው፣ አንዱ ስለሌላው ሥራ ከላይ ከተሰበሰበው መልእክት ተነሥቶ ሁለት ስንኝ እንዲያዘጋጅ አንድ ሰዓት ይሰጣቸው። ባለቅኔ መሆን አያስፈልግም። ለሬጅስትራር ሠራተኛ እንዲህ ያለ ነገር በቂ ነው፦

የጠፋ ውጤቴን ከፋይል አውጥታ፣
ለምርቃት በቃሁ በእርሷ ውለታ።

እዚህ ስንኝ ውስጥ አንድ የተለየ ድርጊት አለ፣ የድርጊቱም ፍሬ አለ። «ታታሪ ናት፣ ቅን ናት» ከሚል አሥር መስመር ይህ ይበልጣል፤ አዘጋጆቹም ተሳታፊውን መርዳት ያለባቸው ወደዚህ ዓይነቱ ተጨባጭነት ነው።

ነገር ግን የአዝማሪ አንደበት ሁለት ወገን የተሳለ መሆኑ የታወቀ ነው። ሰምና ወርቁ ለምስጋናም ለመርዝም ይመቻል፤ ስለዚህ አዝማሪው አስቀድሞ ተጠርቶ ስለ መርሐ ግብሩ ዓላማ ይነገረው፣ የሚሰጡት ስንኞችም በአንድ አስተዋይ ሰው ይታዩ። ስለ መልክና ሰውነት፣ ስለ ትዳር፣ ስለ ዘርና ሃይማኖት የሚነካ ነገር አይገባም። በግንባር ላይ ብር መለጠፍም በዚህ መድረክ ይቅር፤ ኪሱ የሞላ ሰው ለወዳጁ ሲሸልም የጽዳት ሠራተኛዋ ስንኝ ያለ ሽልማት ያልፋልና። የአዝማሪው ዋጋ በውል ተቆርጦ ሙሉ በሙሉ በኮሌጁ ይከፈል።

በሁለተኛ ደረጃ የማስቀምጠው ሸክላ ነው። ከከተማዋ በስተ ሰሜን በደባርቅ መንገድ ላይ ያለችው ወለቃ ለረጅም ዘመን የቤተ እስራኤል የሸክላ ሥራ መንደር ሆና የታወቀች ናት፤ አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ከሄዱ በኋላም ሙያው በአካባቢው ሴቶች እጅ ቀጥሏል። ሸክላ ለዚህ ዓላማ የሚጠቅመው በአንድ ቀን ስለማያልቅ ነው። የተሠራው ዕቃ በጥላ ሥር ቀስ ብሎ መድረቅ አለበት፤ ውስጡ እርጥበት ይዞ እሳት ከነካው ውኃው ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ዕቃውን ይሰነጥቀዋል፣ አንዳንዴም ይፈነዳል። ስለዚህ «ዛሬ ሠርታችሁ ዛሬ ትወስዳላችሁ» ብለው ቃል አይግቡ። ይልቁንም መዘግየቱን ይጠቀሙበት፦ በመጀመሪያው ቀን እያንዳንዱ ሰው ለራሱ ሳይሆን ዕጣ ለደረሰው ባልደረባ አንድ ስኒ ወይም ትንሽ ጀበና ይሠራል፤ ሸክላ ሠሪዋ ታደርቀዋለች፣ ትተኩሰዋለች፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ሲመለሱ ሠሪው ዕቃውን ለተመስጋኙ ይሰጣል፣ ምክንያቱንም ይናገራል። ጥቂት ዕቃ መሰንጠቁ ስለማይቀር ትርፍ አሥርና አሥራ አምስት ይሠራ፤ በዚያ ቀን ባዶ እጁን የሚቀር ሰው መኖር የለበትም።

ስለ ሸክላ ሠሪዎቹ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። በአገራችን ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ በሙያው ሲሰደብ፣ «ቡዳ» ሲባል፣ ከማኅበር ሲገለል የኖረ ነው፤ ይህ ነገር ጨርሶ ጠፍቷል የሚል ካለ መንደሩን አያውቅም። የዩኒቨርሲቲ ሠራተኞችን ለማክበር በተጠራ ቀን ሸክላ ሠሪዋን ከጭቃዋ ጋር ጥግ ላይ አስቀምጦ እንደ ተከራየ ዕቃ ማየት በጣም ያሳዝናል። እርሷ የዕለቱ አስተማሪ ናት። በስሟ ትተዋወቅ፣ ከሌሎቹ ጋር በአንድ ማዕድ ትብላ፣ ክፍያዋም ለእንግዳ አሠልጣኝ በሚከፈለው ልክ ይሁን። ይህን ለማድረግ በጀት ካልበቃ ሸክላው ይቅር።

ሥዕል ሦስተኛ ነው። ጎንደር የራሷ የሥዕል ዘይቤ ያላት ከተማ ናት፤ በደብረ ብርሃን ሥላሴ ጣሪያ ላይ በረድፍ የተደረደሩትን የመላእክት ፊቶች ያላየ ሠራተኛ በመካከላችሁ አይኖርም። በቀደመው የቤተ ክርስቲያን ሥዕላችን ጻድቁ ፊት ለፊት በሁለት ዓይኑ፣ ክፉው ደግሞ በጎን በአንድ ዓይኑ ይሳል ነበር። እያንዳንዱ ሠራተኛ የባልደረባውን ፊት በትንሽ ሰሌዳ ላይ፣ ፊት ለፊትና በትልልቅ ዓይኖች ቢሥልና 160ው ሰሌዳ በኮሌጁ መተላለፊያ ግድግዳ ላይ በረድፍ ቢሰቀል፣ ዲኑና የጥበቃ ባልደረባው እኩል መጠን ይዘው ይታያሉ። የመላእክቱን ክንፍና አክሊል ግን መገልበጥ አይገባም፤ የቅዱሳን ሥዕል ለምእመኑ የጸሎት ነገር ነው፣ ለሌላ እምነት ተከታዮችም ባዕድ ይሆናል። የሰው መልክ መሣል የማይፈቅድ እምነት ያለው ባልደረባ ካለ በፊት ፈንታ የሥራውን መሣሪያ ይሣል፤ ቁልፉን፣ ማይክሮስኮፑን፣ መዝገቡን።

ስፌት ብዙ ጊዜ ስለሚወስድ ለግማሽ ቀን አይሆንም። በሰንደዶና በአክርማ፣ አለላ (ቀለም የተነከረ ሣር) እያስገቡ አንድ ሞሰብ መጨረስ የሳምንታት ሥራ ነው። ሆኖም ከአስተዳደር ሠራተኞች መካከል ወስፌ በመያዝ የተካኑ ሲኖሩ፣ ፕሮፌሰሩ በተማሪነት እነርሱ በአስተማሪነት የሚቀመጡበት አንድ ሰዓት ብቻውን ትልቅ ነገር ያደርጋል፤ ፈቃደኝነታቸው ይጠየቅ፣ የአስተማሪነት ክፍያም ይታሰብላቸው።

ለምርጥ ሥራ ሽልማት የሚለውን ሐሳብ ሙሉ በሙሉ ይተዉት። ሽልማት ሲመጣ ሰው ስለ ባልደረባው ማሰቡን ትቶ ስለ ዳኞቹ ማሰብ ይጀምራል፤ ከ160 ሰው ሦስቱ ሲሸለሙ 157ቱ አልተመረጣችሁም ተብለው ይወጣሉ። «ኮከብ ሠራተኛ» መምረጥ የራሱ መስፈርትና ቦታ አለው፤ ከዚህ ጋር አይደባለቅ።

አከፋፈሉ ደግሞ እንዲህ ይሁን። 160 ሰው በአንድ አዳራሽ ሲሰበሰብ መድረክ ይኖራል፤ መድረክ ካለ ንግግር ይመጣል። በ20 ሰው 8 ቡድን ይመሥርቱ፤ በሳምንት ሁለት ቡድን፣ በአራት ሳምንት የመጀመሪያው ዙር ያልቃል፣ የመቀበያው ቀን ሁለት ሁለት ሳምንት ተከትሎ ይመጣል። ከጥቅምት መጀመሪያ ቢነሡ ከነቢያት ጾም በፊት ይጨርሳሉ። በእያንዳንዱ ቡድን ውስጥ መምህር፣ የቢሮ ሠራተኛ፣ የላብራቶሪ ባለሙያ፣ የጽዳትና የጥበቃ ባልደረባ ይቀላቀሉ። ይህ ለጎንደር እንግዳ አይደለም፤ በ1947 ዓ.ም. የተጀመረው የጎንደር የጤና ማሠልጠኛ ጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና ሳኒታሪያኑን (የአካባቢ ጤና ባለሙያውን) በአንድ ቡድን አድርጎ ወደ ጤና ጣቢያ በመላክ የታወቀ ነው፤ አንዱ የሌላውን ሥራ እያየ የሚማርበት ልምድ በግቢው ውስጥ ሥር አለው። ዕጣው ግን ሥራውን ጨርሶ የማያውቅን ሰው ከሌላው ጋር እንዳያጣምር፣ አስቀድሞ የተሰበሰበው መልእክት በአመስጋኙ እጅ ይግባ።

መርሐ ግብሩ በሥራ ሰዓት፣ ለምሳሌ ከጧቱ 3፡00 እስከ ቀኑ 7፡00 ይሁን። ከሥራ በኋላ ወይም ቅዳሜ የሚጠራ ምስጋና ከሠራተኛው ዕረፍት ተቆርጦ የተሰጠ ነው፤ ማታ ሲሆን ደግሞ የትራንስፖርትና የመንገድ ሥጋት ይጨመርበታል። የጥበቃ ባልደረቦች በፈረቃ ስለሚሠሩ፣ ሌሊት ያደረ ሰው ጧት እንዳይጠራ ቀኑ በተራቸው ይስተካከል፤ በዚያ ሰዓት ቦታቸውን የሚሸፍን ሰው በጽሑፍ ይመደብ። በኤጀንሲ በኩል የተቀጠሩ የጽዳት ወይም የጥበቃ ሠራተኞች ካሉም ይካተቱ፤ «የእኛ አይደሉም» የሚለው ክርክር ግቢውን በየቀኑ ለሚያጸዳው ሰው የሚነገር አይደለም። ጥሪው ላይ «ዎርክሾፕ» ከተባለ አበል ስለሚጠበቅ፣ አበል እንደሌለው ከመጀመሪያው በግልጽ ይጻፍ።

ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነገር አለ፤ በምስጋናው ቀን ቡናውን ማን ያፈላል? ጸሐፊዎቹና የጽዳት ሠራተኞቹ እንደ ልማዱ ከሰል ሲያያይዙ፣ ስኒ ሲያጥቡና ወንበር ሲደረድሩ ከዋሉ ለእነርሱ የምስጋና ቀን አልነበረም። ቡናውና ምግቡ ከውጭ ይቅረብ፤ ዲኑና የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች ያስተናግዱ፣ ሲያልቅም ጠረጴዛውን እነርሱ ያንሡ። ይህን የማይቀበል ኃላፊ ካለ መርሐ ግብሩን በንግግር ከመክፈት ቢታቀብ ይሻላል። ፎቶግራፍ የሚነሣውና በኮሌጁ የቴሌግራም ገጽ ላይ የሚወጣው የፈቀደ ሰው ብቻ ነው።

ከበጀቱ ግማሽ ያህሉ ለአዝማሪውና ለሸክላ ሠሪዎቹ ክፍያ፣ አንድ ሦስተኛው ለምግብና ለቡና፣ ቀሪው ለቁሳቁስና ለትራንስፖርት ቢሆን እመርጣለሁ። የምስክር ወረቀት ማሳተም አያስፈልግም። ከግለሰብ ባለሙያ አገልግሎት መግዛት ከፕሮፎርማ (የዋጋ ማወዳደሪያ) አሠራር ጋር ሊጋጭ ስለሚችል ከግዥ ክፍሉ ጋር በነሐሴ ይጨርሱ፤ የዘንድሮው ገንዘብ ሰኔ 30 እንደሚዘጋ አስበው ወጪው በአዲሱ በጀት ዓመት እንዲያዝ ካሁኑ ያስፈቅዱ።

እንግዲህ ምክሬ የጸና ነው፦ በሰኔ ከተመራቂዎች መልእክት ይሰብስቡ፣ በጥቅምት ግጥሙንና ሸክላውን በትናንሽ ቡድኖች ያድርጉ፣ ሥዕሉን ለሚቀጥለው ዓመት ያቆዩ፣ ሽልማቱን ይሰርዙ። የበላይ ኃላፊው «ሰኔ ካልሆነ» ካሉ ሸክላውን ትተው መልእክቱንና ግጥሙን ብቻ ይዘው፣ ሬጅስትራርና ፋይናንስን ለመስከረም አስቀርተው ይጀምሩ። ውጤቱን በዕለቱ በሚሞላ የእርካታ ቅጽ አይለኩት፤ በዚያ ቀን ሁሉም ደስ ብሎታል። ከወር በኋላ ከየክፍሉ ጥቂት ሰዎችን ጠርተው «ባለፈው ወር ሥራህን ለይቶ የጠቀሰልህ ሰው ነበር?» ብለው ይጠይቁ።

አንድም ብር ከማውጣትዎ በፊት ግን በዚህ ሳምንት የሚሠሩት ነገር አለ። ለእያንዳንዱ የሥራ ክፍል ኃላፊ የሠራተኞቹን ስም ዝርዝር ይላኩና በእያንዳንዱ ስም አንጻር፣ ያ ሰው ዘንድሮ ከሠራው አንዱን ሥራ በአንድ ዓረፍተ ነገር እንዲጽፍ ይጠይቁት። ዝርዝሩ ባዶ ሆኖ የሚመለስበት ክፍል ይኖራል፤ ለመጀመሪያው ቡድን የሚመርጧቸው ሰዎች ከዚያ ክፍል ይሁኑ፣ ኃላፊያቸውም አብሯቸው ይቀመጥ።